መሐረቡ

ማይኩ ይነዝር ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤
ሽቦው የተላጠ፣ በፕላስተር ያሰርነው፣
«ከበዓሉ በኋላ እንጠግነው» ያልነው፣
በዓሉ አልፎ፣ ሌላ በዓል መጥቶ፣ ያልጠገንነው።

በጊምባል ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ፣
ድምፅ ማጉያ የነበረኝ እኔ ነበርኩ ብቻ፤
ለሠርግ አከራየሁት፣ ለቀብር፣ ለምርጫ፣
ለዶሮ ፍልሚያ ሜዳ፣ ለከንቲባው ጩኸት ማውጫ።

ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሮዌና ማግባኑዋ፤
ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች ፌሊሲዳድ እናቷ፤
ከሕዝቡ ፊት ስትቆም አልታይ ቢል ቁመቷ፣
ሁለት የቢራ ሣጥን ደረብኩላት ከሥሯ።

ማይኩን ስትጨብጠው ነዘራት። አየሁ።
ትከሻዋ ሲዘል ከመጋረጃው ኋላ አየሁ።
ልነቅለው ተነሣሁ፤
ግን ዳኞቹ ተቀምጠዋል፣ ቄሱ ሰዓት ያያሉ፣
የኪራዩ ገንዘብ ገና አልተከፈለኝም፤
ቆምኩ።
እሷ አላለቀሰችም።
አልጣለችውምም።
የእናቷን መሐረብ ከቀሚሷ ኪስ መዘዘች፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን፣ እጀታው ላይ ጠመጠመች፣
አንዴ ወደ እኔ ዞር አለች፣
ከዚያ ዘፈነች።

የዚያ ሌሊት ሽልማት አንድ ኩንታል ሩዝ ነበር፤
ከአባቷ ባጃጅ ኋላ ኩንታሉ ላይ ጋደም ብላ፣
አፏን እንደከፈተች፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣
ቀኝ መዳፏ ቀልቶ፣ መሐረቡን አንቆ።

ከዚያ የሌሊት መርከብ፤ ማኒላ፤ ውድድር፤
እናቷ የፈረመችው በተዋሰችው መነጽር
ዐሥራ አራት ገጽ ውል፣ ገጹም ሁሉ ቁጥር።
ጥርሷን አስተካከሉ፤ ስሟን ቆረጡላት፤
«ሮዌና ይረዝማል» ብለው «ዌና» አሏት።
ልደቷን የሳሙና ፋብሪካ ደገሰላት፤
ደብተር የያዘችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣
እሱም የደብተር ማስታወቂያ ሊቀርጹላት።

ዐሥራ አምስት ሲሞላት ድምጿ ተሰነጠቀ፤
ስልኳን ያነሣ የነበረው ሁሉ ራቀ።
ሰማን፦ ኦሳካ ናት፤ ሆቴል ውስጥ ትዘፍናለች፤
ሰማን፦ አሳንሰሩ አጠገብ ነው የምትቆመው፤
ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋታል።
ሦስት ዓመት።
እናቷ ገበያ ላይ ስለ ልጇ ሲጠይቋት
የዓሣውን ዋጋ ትናገር ነበር።

ከዚያ ያቺ ዘፈን መጣች፣ በእኛው ቋንቋ የጻፈቻት፤
ድምጿ እንደተሰነጠቀ፣ ስንጥቁን ሳትሸፍን የለቀቀቻት።
ሰኡል ሰማት፤ ሳኦ ፓውሎ ሰማት፤
ቃሉን የማያውቅ ሕዝብ ቃል በቃል ዘፈነላት።

የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞልኝ፣ ለንደን ስትዘፍን አየኋት፤
ስታዲየሙ ሙሉ ነው፣ መብራቱ ባሕር ነው፣
ማይኩ ሽቦ እንኳ የለውም፤
እሷ ግን ከመጀመሯ በፊት
መሐረብ አወጣች፤
ጠመጠመች።

ጋዜጠኛዋ ጠየቀቻት፦ «ፋሽን ነው ወይስ ምስጢር?»
«ልማድ ነው» አለች፣ ሳቀች፣ ሌላ ነገር አነሣች።
አሁን መሐረቡን በስሟ አሳትመው ይሸጡታል፤
በአንዱ ዋጋ ስንት ሜትር ሽቦ ይገዛ እንደነበር
አስልቼዋለሁ።

ሽቦውን ቀይሬዋለሁ። ሃያ ዓመት ፈጅቶብኝ።
ዛሬ በዓሉ ሲደርስ ሕፃናቱ ይሰለፋሉ፣
ሁሉም መሐረብ ይዘዋል፣
እንደ እሷ ሊጠመጥሙ።
«አያስፈልግም፣ አይነዝርም» እላቸዋለሁ፤
እንደ ሞኝ ያዩኛል።

ስለዚህ ሕዝቡ ሳይመጣ፣ ገና ወንበር ሲደረደር፣
ማይኩን በባዶ እጄ እይዘዋለሁ፣
እርጥብ አድርጌ፣
ሃምሳ እስክቆጥር።
ከዚያ ነው የቢራ ሣጥን የምፈልገው፤
የዘንድሮዋም ተወዳዳሪ
ቁመቷ አይታይም።